ብቻውን የሚቆም አንቀጽ

ከባለቤቴ ጋር መጨረሻ ላይ አብረን የሠራነው ሥራ ውሃ መቅዳት ነው። ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ ወሩ ግንቦት። በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ተራችን ሲደርስ ቧንቧው መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ደፍረስ ያለ ውሃ ይለቃል። እሱ ጎማውን ይዞ፣ እኔ ጀሪካን እያቀረብኩ፣ አሥራ አንድ ጀሪካንና አንድ በርሜል ሞላን። ክዳኑ የጠፋውን ቢጫ ጀሪካን አፉን በፌስታል አሰርኩት። የሞላውን ሁለት ሁለት እያንጠለጠለ ወደ ማድ ቤት ያስገባ ነበር። ደም ግፊት ስላለበት አንድ አንድ አድርግ ብዬዋለሁ፤ አልሰማኝም።

ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ጀሪካን ላይ ጎማውን ወደ እኔ አሻግሮ፣ «ያቺን ወረቀት አየሻት?» አለኝ።

«አይቻታለሁ። አንተስ እርማቴን አየኸው?»

«አይቼዋለሁ፣ የኔታ። እየገለበጥኩት ነው።» ሊቀልድብኝ ሲፈልግ የኔታ ነበር የሚለኝ። ባዶ ጀሪካን አቀረበልኝና፣ «ከፋፍዬ ስጽፈው ግን አንደኛው ነገር ብቻውን ይቆማል» አለ።

«ይቁማ። አንቀጽ የተፈጠረው ለዚህ አይደል?»

«ብቻውን ሲቆም ያስፈራል።»

እኔ ሳቅሁ፤ እሱም ሳቀ። ጀሪካኑ ሞልቶ እግሬ ላይ ፈሰሰ፤ ቀጣዩን አቅርብ አልኩት። በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ሲመለስ፣ ደጃፋችን ካለችው የድንጋይ መደብ ላይ ጫማውን ሊያወልቅ ተቀመጠ። አንዱን አወለቀ። ሁለተኛውን ያወለቅሁለት እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ እሱ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሰው ብዙ ነገር ጠይቆኛል። ያቺ ወረቀት ምን እንደነበረች ግን ለረጅም ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም። አሁንም የምጽፈው እያፈርኩ ነው። በቀን ግማሽ ገጽ ከሞላልኝ ብዙ ነው፤ አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር ጽፌ ደብተሩን እዘጋለሁ።

እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሠላሳ ዓመት ያህል እዚሁ ጎንደር ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል አስተምሬአለሁ። ተማሪዎቼ ከጀርባዬ «አንቀጽ» ይሉኝ ነበር። «አንቀጽ መጣች፣ ተቀመጡ!» ሲባባሉ በበሩ ሳልገባ እሰማለሁ። ደስ ይለኝ ነበር እንጂ አልከፋኝም። ከሁሉ አብልጬ የማስተምረው እሱን ነበርና። አንድ አንቀጽ አንድ ጉዳይ ብቻ ይያዝ፤ ጉዳዩን የምትሸከመዋን ዓረፍተ ነገር፣ ኃይለ ቃሏን፣ ከፊት አስቀምጧት፤ ሌሎቹ እሷን ያስረዱ፤ ጉዳዩ ሲያልቅ መስመር ልቀቁና አዲሱን ሁለት ጣት ገባ አድርጋችሁ ጀምሩ። አንባቢ እንግዳ ነው እላቸው ነበር፤ በሩን አሳዩት፣ በመስኮት አታስገቡት። አንድ ጊዜ ከኋላ ወንበር አንዱ፣ «ቲቸር፣ የእኛ ቤት መስኮት የለውም» ብሎ ክፍሉን ሁሉ አሳቀው። እኔንም አሳቀኝ። ድርሰቱ ግን እውነትም መስኮትም በርም አልነበረውም፤ ከአሥር አራት ሰጠሁት።

ባለቤቴ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር። የኮሶዬ ገበሬ ልጅ ነው። በትዳራችን ዓመታት አብዛኛውን ጊዜ በየወረዳው እየተመደበ ይሠራ ስለነበር፣ ሳምንቱን እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ እናሳልፍ ነበር። ልጅ አልሰጠንም። በአፉ ብዙ የማይናገር ሰው ስለሆነ፣ ልቡ ላይ ያለውን ሁሉ እየጻፈ በሚኒባስ ሾፌሮች እጅ ይልክልኝ ነበር። ጡረታ ወጥቶ አንድ ቤት መኖር ስንጀምርም ልማዱ አልተወውም። የሚከብደው ነገር ሲኖር ይጽፍና ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥልኛል። አብረን ቁርስ በልተን እንኳ ወረቀቱ የሚጀምረው «ለተከበርሽው ባለቤቴ፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ» ብሎ ነበር።

አጻጻፉ አንድ ወጥ ነው። ከገጹ ግራ ጫፍ ይነሣና ቀኝ ጫፍ እስኪደርስ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ትንፋሽ የለውም። አራት ነጥብ የሚያደርገው ሲደክመው ነው እያልኩ አሾፍበት ነበር።

ይህ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ኮላ ድባ ተመድቦ በነበረበት ዘመን፣ አንድ ቅዳሜ ለአለቆቹ የጻፈውን ሪፖርት ይዞ መጣና እንዳይለት ሰጠኝ። ሦስት ገጽ ነው። ስለ መኖ እጥረት ይላል፣ ስለ ሞተር ሳይክሉ ጎማ ይላል፣ በገበያ ቀን ስለመጡት ከብቶች ይላል። ሁለተኛው ገጽ ወገብ ላይ ስደርስ፣ በአንድ ቀበሌ አምስት ላሞች በሁለት ቀን ውስጥ በድንገት እንደሞቱና በሽታው አባ ሰንጋ ሳይሆን እንደማይቀር በአንድ መስመር ተጽፏል። ከዚያ ወዲያው ወደ ሞተር ሳይክሉ ተመልሷል።

«ይህን እዚህ መሀል ማን ያገኘዋል?» አልኩት።

«ሪፖርት አይደል? ያነቡታላ።»

«ሰው አያነብም፤ ሰው ይፈልጋል። የሚፈልገውን ካላገኘ ያልፋል።»

ያን ከሰዓት በኋላ ሪፖርቱን አምስት አንቀጽ አደረግሁት። ላሞቹን ከሁሉ በፊት፣ በሁለት መስመር፣ ለብቻቸው አቆምኳቸው። ሰኞ ይዞት ሄደ። ረቡዕ ክትባቱ በማኪና ተጭኖ ቀበሌው ደረሰ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ቅል ቅቤ ይዞልኝ መጣና፣ «የኔታ፣ ላሞቹ አመስግነውሻል» አለኝ።

ትክክል ነበርኩ። ዛሬም ቢሆን ትክክል ነበርኩ እላለሁ፤ በደንብ የተለየ አንቀጽ ከብት አድኗል፣ ምናልባትም ሰው አድኗል። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሱን ወረቀት እንደ ባለቤቴ ወረቀት ማየት ተውኩ። እንደ ተማሪ ደብተር ማየት ጀመርኩ። አስተማሪ ስልሳ ሰባ ድርሰት ሲከመርበት እያንዳንዱን ቃል አያነብም፤ የአንቀጹን መጀመሪያ ያያል፣ መጨረሻውን ያያል፣ መሀሉን በዓይኑ ጠራርጎ ያልፋል። በደንብ የተጻፈ ከሆነ በዚህ ብዙ አይጎድልበትም። አንቀጽ የሌለውን ወረቀት እንዲህ ያነበበ ግን ከላይ አንድ መስመር፣ ከታች አንድ መስመር ብቻ ነው የሚያገኘው። ሰው አያነብም፣ ይፈልጋል ያልኩት ስለ ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር።

ከመሞቱ በፊት የነበረው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። የጎረቤት ተማሪዎች ፈተና ሲደርስባቸው ድርሰት እንዳርምላቸው ያመጡልኛል፤ የዚያን ቀንም የእነሱን ወረቀት ይዤ ነበር። «አንብቢልኝ» አለኝ። አርሚልኝ አላለኝም።

የላይኛውን መስመር አየሁ፤ ከሰላምታው ቀጥሎ የጣራው የውሃ መውረጃ ከክረምት በፊት መቀየር እንዳለበት ይናገራል። የታችኛውን አየሁ፤ ገብሱን ወንድሜ ይልካል፣ ቀሪውን በአካል ይላል። የጣራና የገብስ ጉዳይ ነው ብዬ ደመደምኩ። ቀይ እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር። ከላይ ኅዳጉ ላይ «አንቀጽ የለውም። ጉዳዮቹን ለያይተህ ጻፍ» ብዬ ጻፍኩ፤ ለተማሪ እንደማደርገው ፊርማዬንም አኖርኩበት። ከዚያ ተራው የሌላው ወረቀት ሆነ።

ያ እሑድ ነው። ሐሙስ ውሃ ቀዳን። ዓርብ ሞተ።

ወንድሙ፣ ታላቁ፣ ስልክ እንደተደወለለት ቀትር ላይ ከኮሶዬ ደረሰ። እኔም እንደ አገሩ ሰው አያ ነው የምለው። ብቻውን አልመጣም። አንድ አይሱዙ ተከራይተው ሠላሳ የሚሆኑ የአገራቸው ሰዎች አብረውት መጥተዋል፤ ቃሬዛም ጭነዋል። ለምን ቃሬዛ እንደጫኑ አልጠየቅሁም። እድሩ ድንኳን ተክሏል፣ ጎረቤት መቃብር እያስቆፈረ ነው፤ ቤታችን አጠገብ ካለው ቤተ ክርስቲያን ለዘጠኝ ሰዓት ቀጠሮ ተይዟል። አያ አልቅሶ ሲያበቃ ወደ ድንኳኑ ጥግ ወሰደኝ።

«እህት ዓለም፣ ቃል አልተወም?» አለኝ።

«ምን ዓይነት ቃል፣ አያ?»

«የት ልረፍ፣ የት ልቀበር እንዳለ።»

በዚያ ሰዓት ሰው ያልሆነውን ቢናገር ይቅር ይባላል። እኔ ግን የተናገርኩትን በሙሉ ልቤ፣ እንዲያውም በኩራት ነው የተናገርኩት። «የእሱን ነገር ሁሉ የማነበው እኔ ነኝ። ቢኖር ኖሮ ይጽፍልኝ ነበር» አልኩት።

አያ መንገድ ዳር ወደቆመው አይሱዙ ተመለከተ። «እንግዲያ ሸጋ» አለ። በለቅሶ ቤት ክርክር ማንሣት ነውር ነው፤ እሱም ነውር አይሠራም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚሁ ቀበርነው። አይሱዙው ያን ቃሬዛ እንደጫነ ተመለሰ።

በአርባው አያ ራሱ አልመጣም፤ አንድ ጆንያ ገብስ ላከ። መንገዱ አስተማማኝ ያልሆነበት ሳምንት ስለነበር ለዚያ ነው አልኩ፤ ሰውም እንዲያ አለ። ተዝካሩ ካለፈ በኋላ የእድሩን ወንበሮች ለመመለስ ክፍሉን ስናስተካክል ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን ወረቀት አነሣሁ። ከተማሪዎቹ ድርሰት መሀል፣ ከእነሱ እንደ አንዱ፣ የባለቤቴ ሁለት ወረቀት ወጣ። ከሥሩ አዲስ ደብተር አለ፤ ሐሙስ እየገለበጥኩት ነው ያለኝ እሱ ነው።

የሰዎቹን መሄድ ጠብቄ ተቀመጥኩ። የእጁን ጽሑፍ ማየት ስለናፈቀኝ በጣቴ እየተከተልኩ እያንዳንዱን ቃል አነበብኩ። የመጀመሪያው ገጽ ሊያልቅ ሲል እንዲህ ይላል። ሳልከፋፍል እንዳለ አስቀምጠዋለሁ፦

«…መውረጃው ካልተቀየረ ግድግዳውን ያበላሸዋል ቆርቆሮውን እኔ አያለሁ ደግሞም ሰው ነንና አንድ ነገር የሆንኩ እንደሆነ ቦታዬ ከአባቴ ጎን ነው ለወንድሜ አባታችንን የቀበርን ዕለት ቃል ሰጥቼዋለሁ እሱም ቦታውን ይዞልኛል እስካሁን ያልነገርኩሽ መቃብሬ ይርቅብሻል ብዬ ነው ሳስበው አሁንም ይከብደኛል የሐኪሙ ቀጠሮም ለሚመጣው ወር ተላልፏል…»

ደብተሩን ገለጥኩ። የመጀመሪያው አንቀጽ ስለ ውሃ መውረጃው ነው፤ ሁለት ጣት ገባ ብሎ ይጀምራል፣ አራት ነጥቡም በቦታው አለ። ሁለተኛው ስለ ሐኪሙ ቀጠሮ ነው። ሦስተኛው ሁለት ጣት ገባ ብሎ ይጀምርና «ሦስተኛው ጉዳይ» ይላል። ከዚያ በኋላ እስክሪብቶው ብዙ ቆሞ ያሳረፈው ሰማያዊ ነጥብ አለ። ሌላ ምንም የለም።

ለማን ልናገር? መጀመሪያ ያሰብኩት ወረቀቱን ማቃጠል ነበር። ይህንንም እጽፈዋለሁ። አላቃጠልኩትም፤ ሳጥን ውስጥ ከልብሶቹ ሥር አስቀመጥኩት። መቃብሩ ቅርብ ነው፤ ጠዋት ጠዋት እሄድ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ስሄድ በር ላይ ተሳልሜ የምመለስ ሆንኩ። ባልቴቶቹ «ምነው፣ አትጠጊውም?» ሲሉኝ እግሬን አሞኛል እላለሁ። ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ እንዲህ ሆኜ ቆየሁ። ለራሴም አንድ ሰበብ አበጀሁለት፦ የተቀበረ ተቀብሯል፣ አሁን ብናገረው ማንን እጠቅማለሁ እል ነበር።

በታኅሣሥ አዲሱ ገብስ መጣ። የኮሶዬን መንገድ የሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር ጆንያውን ደጄ ላይ አወረደው። ቀልደኛ ነው፤ በለቅሶ ቤትም ቢሆን አፉ አያርፍም። ሻይ ሰጠሁት። አያ ደኅና ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«ደኅና ናቸው። ብቻ ኮስተር ብለዋል» አለኝ። «ለማን ነው የማደርሰው ስላቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹ቃሉን በልቶ ከተማ ለቀረው ወንድሜ ቤት› አሉኝ። የሞተ ሰው ምን ይበላል፣ አያ፣ ገብሱን እኔ ብበላው አይሻልም ወይ አልኳቸው። አልሳቁልኝም።»

እኔም አልሳቅሁለትም። ሾፌሩ ሲሄድ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ የበደልኩት ባለቤቴን ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እሱ ደግሞ ይታገሠኛል። ለካስ እኔ አፍሬ ዝም ባልኩባቸው ወራት ሁሉ፣ በአገሩ ቃሉን የበላ ሰው ሆኖ ይታማ ነበር። ቃሉን የበላሁት እኔ ነኝ፤ ስሙ የሚነሣው ግን የእሱ ነው።

በአካል ሄጄ ለመናገር ድፍረት ስላልነበረኝ ደብዳቤ ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ። አንቀጽ የማውቅ ሰው ነኝና አይከብደኝም ብዬ ነበር። የመጀመሪያው አንቀጽ ሰላምታ ሆነ። ሁለተኛው ስለ ገብሱ ምስጋና። ሦስተኛው ስለ ሐዘኔ፣ ስለ ብቸኝነቴ፣ እንቅልፍ ስለማጣቴ። አራተኛው ስለ ቤቱ ነገር፣ ስለ ጣራው፣ የባለቤቴን ወረቀቶች ሳስተካክል አንዳንድ ሐሳቦቹን እንዳገኘሁ፣ ከእነዚህም አንዱ ስለ ዕረፍቱ ቦታ እንደሆነ፣ ነገር ግን በጊዜው እንዳልታየ፣ ሁሉም የእግዚአብሔር ፈቃድ እንደሆነ። አምስተኛው መልካም ምኞት።

ስጨርስ እንደ ልማዴ አየሁት። ገባ ገባ ብሏል፤ አራት ነጥቡ በቦታው ነው፤ ተማሪ ቢያመጣው ዘጠኝ የምሰጠው ነው። ደግሜ ሳነበው ደነገጥኩ። የአምስቱን ላሞች ነገር ሞተር ሳይክሉ ሥር የቀበርኩት አሁን እኔ ነኝ። ያውም እሱ ባለማወቅ የሚያደርገውን እኔ አውቄ፣ አንቀጽ ውስጥ ሸሽጌ ነው ያደረግሁት። «በጊዜው እንዳልታየ» ይላል፤ ማን እንዳላየው አይናገርም። ብቻውን ሲቆም ያስፈራል ያለኝ ትዝ አለኝ። እሱ ለእኔ ፈርቶ ነው፤ መቃብሩ እንዳይርቀኝ። እኔ የፈራሁት ለራሴ ነው።

ሁለተኛውንም ጽፌ ቀደድኩት፤ እሱ ደግሞ በለቅሶ የተሞላ ነበር። ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ሦስተኛው ላይ ሰላምታውን እንኳ ዝቅ አድርጌ የመጀመሪያውን አንቀጽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋሁት፦ «አያ፣ ወንድምዎ ከአባቱ ጎን ቅበሩኝ ብሎ ጽፎልኝ ነበር፤ ሰጥቶኝ ሳለ ያላነበብኩት እኔ ነኝ።» ቀጥዬ መስመር ለቀቅሁ። የቀረው ባዶ ቦታ ዓይኔን ወጋኝ፤ ሙላኝ ሙላኝ ይላል። አልሞላሁትም።

በሾፌር እጅ ልልከው አስቤ ነበር። ሾፌሩ ደጃቸው ላይ ቆሞ ሲቀልድ ታየኝና ተውኩት። ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት፣ መንገዱ ሰላም ነው ሲባል፣ ራሴ ይዤው ወጣሁ። ኮሶዬ ስንደርስ ብርዱ በነጠላዬ ላይ ጋቢ አስደረበኝ። ከአስፋልቱ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ይኬዳል። አያ የከብቶቹን በረት ካብ እየጠገነ አገኘሁት። ሰላም ተባባልን። ውስጥ ግቢ አለኝ፤ እዚሁ ይሻለኛል ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ደብዳቤውን ሰጠሁት።

አያ ፊደል የቆጠረው በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው፤ የሚያነበው ጣቱን ከመስመሩ ሥር እየጎተተ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ ሲያልቅ ጣቱ ባዶው ቦታ ላይ ቆመ። ተመልሶ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ እንደገና እዚያው ቆመ። ወደ ሁለተኛው አላለፈም።

«ታዲያ ቃሉን አልበላም?» አለኝ።

«አልበላም፣ አያ።»

«የእሱን ወረቀት አምጪው።»

ይዤው መጥቼ ነበር፤ እንዳይጠይቀኝ ግን እየተመኘሁ ነበር። ሁለቱን ወረቀት ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ጣቱን ወደ ላይኛው ኅዳግ ወሰደና፣ «ይህ ቀዩ ምንድን ነው?» አለ።

«የእኔ እርማት ነው።»

«ምን አጥፍቶ?»

በሠላሳ ዓመት ስንት ተማሪ ፊቴ አቁሜ እንዲህ ስል ጠይቄአለሁ። አንቀጽ አልለየም ብዬ ነው አልኩት። የማያውቀው ነገር መስሎኝ ላስረዳው ስጀምር እጁን አነሣ።

«ወንድሜ ሲያወራም እንዲሁ ነበር» አለ። «ትልቁን ነገር ከበጉና ከጭዱ መሀል ነው ጣል የሚያደርገው። ሳያቋርጡ መስማት ነው።»

ከዚያ ድንጋይ አንሥቶ ካቡ ላይ አኖረ፤ አልገጠመለትም፣ መልሶ አወረደው። ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር፣ ከተቀበረ ጀምሮ የወንድሙን ስም ለጸሎት እንዳልሰጠ ነገረኝ። «ሙት ተቀየምኩ፣ እህት ዓለም። ይህን እኔ ለማን ልናገረው?»

ይቅርታ አድርጌልሻለሁ አላለኝም፤ እኔም እንዲለኝ አልጠየቅሁም። ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ወሰደኝ። ከአባታቸው መቃብር ግራ ጎን ዙሪያውን በድንጋይ የታጠረ ሣር ያበቀለ ቦታ አለ። እሱን ለሌላ ሬሳ እንዳይሰጡበት ሁለት ጊዜ ከሰው ጋር እንደተጣላ ነገረኝ። ካህኑ መጥተው አዳመጡን። ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ሥርዓቱ በሚፈቅደው ጊዜ፣ ዐፅሙን ማፍለስ ይቻላል አሉን። እስከዚያው አያ ቦታውን ይጠብቃል። የባለቤቴን ስም የዚያኑ ዕለት ሰጠ፤ የክርስትና ስሙን ሲናገር እኔ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

ስሰናበተው የእኔን ደብዳቤ መለሰልኝ። የወንድሙን እዚያው እንድተውለት ፈለገ። ቀዩን ቆርጠን እናውጣው ወይ ብዬ ጠየቅሁት፤ ይኑር አለኝ። «እኔ ሳነበው እየቆራረጥኩት ነው» አለ። «እየመጣሽ አንቺ አንብቢልኝ።»

የጣራውን ውሃ መውረጃ አስቀይሬአለሁ። ተማሪዎቹ አሁንም ድርሰት ያመጡልኛል፤ አንቀጽ ለዩ እላቸዋለሁ፣ ይህን አልተውኩም። በመጀመሪያ ግን ምንም ሳልይዝ እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ፤ ቀዩን የማነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ለዚህም ብዙ ጊዜ ስለሚወስድብኝ ወረቀታቸው ይዘገይባቸዋል፤ ያጉረመርማሉ።

በወር አንድ ጊዜ፣ መንገዱ ክፍት ሲሆን፣ በጠዋቱ ሚኒባስ ወደ ኮሶዬ እወጣለሁ። አያ ደብዳቤውን ከሣጥን አውጥቶ ይሰጠኛል። ከላይ እስከ ታች ሳላቋርጥ አነብለታለሁ፤ ከዚያ በስምንት ሰዓቱ ማኪና እመለሳለሁ።